«በሞቴ» የተከለከለበት ትምህርት ቤት

መስማማት እንደ ዘንድሮ የረከሰበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ድሮ ሁለት ሰው ለማስማማት ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነገሩን ከሩቅ አንስቶ፣ የሁለቱንም ወገን አያቶች አመስግኖ ዋናው ጉዳይ ላይ እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል። ያ ሁሉ ለአንዲት የአጥር ወሰን ነው። ዛሬ ግን አውራ ጣት ይበቃል። ስልካችሁ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፤ ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቁልቁል ይወርዳል፤ እናንተም ሰልፉን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን ትነኩና ወደ ጉዳያችሁ ታልፋላችሁ። በምን እንደተስማማችሁ ብትጠየቁ መልስ የላችሁም። እኔም የለኝም። እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ከአትክልት ሻጯ ከማማ ምቦጋ ጋር በአንድ ክምር ቲማቲም ፀሐይ እስኪያዞራት የምትከራከር የአገሬ ልጅ፣ ፎቶዋንና ድምጿን የሚመለከተውን ውል ግን ታክሲ እየጠበቀች ታጸድቀዋለች።

ይህን የምዘበዝበው ያለ ነገር አይደለም። ናይሮቢ ልጅ የምታስተምሩ እንደምታውቁት ትምህርት ቤቶቻችን ወላጅ ማስፈረም ይወዳሉ። ለዩኒፎርም ትፈርማላችሁ፣ ለአውቶቡስ ትፈርማላችሁ፣ ልጁ ዋና ሲማር ውሃ ቢጠጣ ትምህርት ቤቱን ላለመክሰስ ትፈርማላችሁ። አሁን ደግሞ ለተማሪው ሁሉ ታብሌት ስለታደለ «ተቀባይነት ያለው የቴክኖሎጂ አጠቃቀም መመሪያ» የሚባል መጥቷል። ስሙን በአንድ ትንፋሽ ለጨረሰ ሽልማት ይገባዋል። እኔ ይህን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት ግን ጠንቃቃ ሆኜ አይደለም፤ ነገር ከመጣ በኋላ ተለምኜ ነው።

የለመነችኝ አስቴር ናት። አስቴር የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ስትሆን ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ስታሽግ ትውላለች፤ አንዳንዴም ታመሻለች። እኔ ደግሞ በምእመናኑ ዘንድ የምታወቀው በጸሎቴ ሳይሆን በእንግሊዝኛዬ ነው። ዌስትላንድስ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፎቅ ላይ ተቀምጬ የልደትና የጋብቻ ወረቀት እየተረጎምኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ሐኪም ቤት የሚሄድም፣ መሥሪያ ቤት የተጠራም፣ ከአከራዩ ጋር የተጣላም «ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ አብረውኝ ይምጡ» ይለኛል። እኔም እሄዳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጠራቱ ደስ ይለኛል።

ያን ሰኞ ጠዋት ግን አስቴር ስትደውል ድምጿ ደስ የሚል አልነበረም። የልጇ የሩት ትምህርት ቤት በአስቸኳይ እንደጠራት፣ ያሉትንም በደንብ እንዳልሰማችው፣ የሰማችውንም ማመን እንዳቃታት ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ሩትን በሞት የሚያስፈራራት ሰው አለ ነው የሚሉኝ።»

«ማን?»

«እታታ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልቁምና እታታ ማን እንደሆነች ላስተዋውቃችሁ። እታታ የአስቴር ታላቅ እኅት ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ ለአስቴር እናቷ ልትሆን ምንም ያልቀራት ታላቅ። ሞያሌ የጨርቅ ሱቅ አላት። አስቴር ሥራ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ ስትመጣ ሩት ገና መዳኽ የጀመረች ሕፃን ስለነበረች ለእኅቷ ትታት መጣች። «ትንሽ ልረጋጋና እወስዳታለሁ» ብላ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ መረጋጋት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ሞያሌ አደገች፣ ሞያሌ አፏን ፈታች፣ የመጀመሪያ ጥርሷን ሞያሌ ነቀለች። አስቴር ልጇን ያመጣቻት አምና መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሩት ልጃገረድ ልትሆን ደርሳለች። «እማዬ» የምትለው አስቴርን ነው፤ ሕልም አይታ ስትባንን የምትጠራው ግን እታታን ነው። አስቴር ይህን ታውቃለች። ያማታል፤ ግን እኅቷን አትቀናባትም፤ ይልቅ አመስጋኝ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

ትምህርት ቤቱ በታብሌቱ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቤተሰብ ቁጥር ይፈቅዳል። ልጁ ከዚያ ቁጥር ጋር ብቻ መልእክት ይጻጻፋል፤ ሲያስፈልግም ይደዋወላል። አስቴር ስትሠራ ስልኳን የመጋዘኑ በር ላይ ስለምታስረክብ የራሷን ቁጥር ትታ የእኅቷን አስመዘገበች። በእርግጥ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአስቴር ስልክ ይደዋወላሉ። ግን እሑድ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ዙሪያውን ከብቦ «ስልኩን ለእኔም ስጡኝ» እያለ የሚወራ ወሬ ምን ወሬ ነው? እሑድ ማንም ደህና ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለችውን ሩትን ከእታታ ጋር የሚያገናኛት ያ ታብሌት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዓርብ ዕለት ቁጥሩን ዘጋው። ሰኞ የተጠራነውም እስከ መጨረሻው ይዘጋ ወይስ ይከፈት የሚለውን ለመወሰን ነው።

መመሪያው የሚለው እንዲህ ነው። በታብሌቱ የሚተላለፈውን ቃል ሁሉ አንድ ማሽን ያነባል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ካልሆነ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል። ሞት፣ መግደል፣ መቅበር፣ ራስን መጉዳት የሚል ነገር ካገኘ መሥመሩን ቀይ ያደርግና አስተማሪ ይጠራል። ምንም የማይነቀፍ ሐሳብ ነው። ልጅ በስንት ጉድ በሚጠመድበት በዚህ ዘመን ጠባቂ ቢኖረው ማን ይጠላል? ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ግን አማርኛ ተናጋሪ አክስት አልነበረቻቸውም።

እስቲ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የተናገራችሁትን አስታውሱ። አንድ ጉርሻ ለመጨመር «በሞቴ» ያላላችሁ፣ አንድ ነገር ለማሳመን «እኔ ልሙት» ብላችሁ ያልማላችሁ፣ ልጅ ሲያደናቅፈው «እኔን ይድፋኝ» ያላላችሁ እጃችሁን አውጡ። ፍቅራችን ያለ ሬሳ አይሞቅም። የምንወደውን ሰው ስናገኝ እንሞትለታለን፤ ሲለየን ናፍቆቱ ይገድለናል፤ ሲያስቀን ደግሞ በሳቅ እንሞታለን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን እራታችንን በልተን እንተኛለን። ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ በዚህ ሙያ የተመሰገነች ናት። ሰላምታዋን ጀምራ እስክትጨርስ ቢያንስ አንዴ ሳትሞት አትቀርም።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ በር ላይ ያለው ጥበቃ ስማችንን ጽፎ ወደ አንዲት ንጹሕ ክፍል አስገባን። ሁለት ሰዎች ጠበቁን። አንዱ ሚስተር ኦቲዬኖ የሚባል የኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ መመሪያውን ያረቀቀው እሱ ራሱ ስለሆነ ስለ መመሪያው ሲያወራ የበኩር ልጁን የሚያስተዋውቅ ይመስላል። ትሑት፣ ጨዋ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ ወጣት ነው። ሌላዋ የተማሪዎች አማካሪ ማዳም ዋንጂኩ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አስቴር ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ከፍርድ ቤት ወንበር ለይታ አላየችውም።

ሚስተር ኦቲዬኖ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው። ገጹ ቀልቷል። «አዝናለሁ» አለ በእንግሊዝኛው፤ «እኔ በሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ እንዲህ ያለ አላየሁም።» ከዚያ ማሽኑ የገለበጠውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። እታታ የጻፈችው «ምሳሽን በላሽ? በሞቴ ብዪ» ነው። ማሽኑ ያለው «ምሳ በልተሻል? እኔ ስሞት ብዪ» ነው። እታታ «አፈር ስሆን፣ ሹራብሽን ልበሺ፤ ናይሮቢ ብርድ ነው» ብላለች። ማሽኑ «እኔ ወደ አፈርነት በምለወጥበት ጊዜ ሹራብሽን ልበሺ» ብሏል። ሩት ዩኒፎርም ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ስትልክላት እታታ «አንጀቴን በላሽው» ብላ ነበር። ይህን ሚስተር ኦቲዬኖ ሲያነብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው የሰው አንጀት በላ የሚል ክስ ጮክ ተብሎ አይነበብም።

«ደግሞ» አለ፤ «ሌላ ሰውም አለችበት። ናፍቆት የምትባል።»

«ናፍቆት?»

«አዎ። ሴትዮዋ ደጋግመው ‹ናፍቆት ገደለችኝ› ይላሉ። በተማሪዎቻችንም በወላጆቻችንም መዝገብ ፈለግናት፤ የለችም።»

እታታ ያለችው «ናፍቆትሽ ገደለኝ» ነው። ማሽኑ ግን ናፍቆት የሰው ስም መሆኑን ከየትም ከየትም ቃርሞ አንዲት ነፍሰ ገዳይ ፈጥሯል። ብዙዎቻችንን የፈጀች ናት፣ አድራሻዋ ግን አይታወቅም ልለው ነበር። የአስቴርን ፊት አየሁና ቀልዴን ዋጥኩት። አስቴር መሳቅ የምትችልበት ቀን አልነበረም። ያቺ ቁጥር ከተዘጋች ሩት ምን እንደምትሆን፣ እታታም ሞያሌ ብቻዋን ምን እንደምትሆን እያሰበች ነው። ደግሞ የውጭ አገር ሰው ናት፤ ትምህርት ቤት «ሪፖርት» ሲል ሌላ ሌላ መሥሪያ ቤት ይታያታል።

እኔም ጠበቃ ሆንኩ። ወረቀት ከመተርጎም ውጭ ሌላ ሙያ ኖሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን የአማርኛን ሞት በሙሉ አንድ በአንድ ከመቃብር አወጣሁ። «በሞቴ» ማለት «እባክሽ» ሲመርር ነው አልኩ። «አፈር ስሆን» ማለት ያው «እባክሽ» ነው፤ ጉልበቱ ሲጨምር። አንጀትም የተበላው በፍቅር ነው፤ ደም አልፈሰሰም። ናፍቆት ስሜት እንጂ ሰው እንዳልሆነች፣ ብትያዝም እንደማትታሰር አስረዳሁ። ማዳም ዋንጂኩ ፈገግ አሉ። ሚስተር ኦቲዬኖ ግን ነገሩን ከልቡ የያዘ ሰው ስለሆነ ጥያቄ ነበረው። ልጅቷ «በሞቴ» ተብላ ባትበላ ምን ይሆናል ሲለኝ ምንም አይሆንም አልኩት። ሴትዮዋ አይሞቱም? አይሞቱም። ልጅቷ ይህን ታውቃለች? «ታውቃለች እንጂ» አልኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ።

ሚስተር ኦቲዬኖ አሰበና ፍትሐዊ ሐሳብ አቀረበ። የቋንቋውን ባህል እንደሚያከብር፣ ማሽኑ ግን ባህል ማክበር እንደማይችል፣ በየቀኑ ቀይ ከበራ ደግሞ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ተናገረ። ልክ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘነበችም በመመሪያው ይስማሙ፤ በታብሌቱ ላይ ሞትን፣ መቃብርን፣ አፈርንና የውስጥ አካላትን እንዳይጠሩ ቃል ይግቡ፤ ያን ጊዜ ቁጥራቸው ይከፈታል፤ ካልሆነ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ተዘግቶ ይቆያል። አስቴር ይህን ስተረጉምላት ፊቷ ፈካ አለ። እኔ ግን ወይዘሮ ዘነበች ያለ ሞት አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ሰምቼ አላውቅምና ብዙም ተስፋ አላደረግሁም።

ይህን ጊዜ ነው ማዳም ዋንጂኩ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ያሉት። «ቀዩን ጨርሰናል» አሉኝ። «ነጩስ ምን ይላል?»

በቀዩ መሥመር መካከል መካከል ነጭ አጫጭር መሥመሮች ነበሩ። የሩት መልሶች ናቸው። ማሽኑ ምንም ስላላገኘባቸው ነጭ አድርጎ አሳልፏቸዋል፤ እኔም ጠበቃ ሆኜ ስሟገት ዞር ብዬ አላየኋቸውም። «እሱ ምንም አይደል፤ ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ይኼኛውስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይኼስ?»

«በላሁ፤ ደህና ነኝ።»

ማዳም ዋንጂኩ ገጹን ወደ ላይ እየገፉ ሄዱ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። አንድ ቦታ እንኳ ስለ አስተማሪ የተነገረ ሐሜት፣ ስለ ጓደኛ የተነገረ ወሬ የለም። «የእኛም ልጆች ‹ኒኮ ሳዋ› ይላሉ» አሉ በቀስታ፤ «ደህና ነኝ እንደማለት ነው። ደህና የሆነ ልጅ ግን ደህና ነኝ ማለት ይረሳል፤ ሌላ የሚያወራው አለው።» ከዚያ ጣታቸውን የሰዓቱ ዝርዝር ላይ አኖሩ። መልእክቶቹ በሙሉ የተላኩት በምሳ ሰዓት ነው። ሚስተር ኦቲዬኖ በምሳ ሰዓት ታብሌት መክፈት ራሱን የቻለ ጥሰት መሆኑን፣ አንቀጹም የትኛው እንደሆነ ሊነግረን አፉን ከፈተ። ማዳም ዋንጂኩ አዩት። አፉን መልሶ ዘጋ።

ሩትን አስጠሯት። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን የሸፈነች ልጅ ገባች። በእናቷና በእኔ መካከል ተቀመጠች። ማዳም ዋንጂኩ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በስዋሂሊ እንዴት እንደሆነች ጠየቋት። ሩትም ለእያንዳንዱ በየቋንቋው ደህና መሆኗን መለሰች። አስቴር በአማርኛ ጠየቀቻት። ያው ነው። ልጅቷ በሦስት ቋንቋ ደህና ናት።

እንግዲህ ስምምነቱ ይፈጸም ተባለና ሞያሌ ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረግነው። ወይዘሮ ዘነበች ገና ስታነሳ «ወይኔ ልሙት፣ ልጄ ምን ሆነች?» አለች፤ ሚስተር ኦቲዬኖም ቃሉን በጆሮው ለይቶት እኔን አየኝ። ማን እንደሆንኩ ተናግሬ፣ ልጅቷ አጠገቤ እንዳለች፣ እንዳልታመመች አረጋግጬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። ማሽኑን፣ ቀዩን መብራት፣ መመሪያውን ነገርኳት። በጸጥታ አዳመጠችኝ። የሱቋ ደንበኛ የሆነች ሴት ከጀርባ ዋጋ ስትጠይቅ ይሰማል።

«እንግዲህ ሞት አይጠራም ነው የሚሉኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እመቤቴ። በታብሌቱ ላይ ብቻ ነው።»

«ታዲያ በምን ልውደዳት?»

ይህን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደብኝ። ስተረጉመው ማዳም ዋንጂኩ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ሚስተር ኦቲዬኖም ለዚህ አንቀጽ አልነበረውም። ወይዘሮ ዘነበች ግን አስተዋይ ሴት ናት፤ ቁጥሩ እንዲከፈት ትፈልጋለች። «እሺ፣ እሞክራለሁ» አለች። ልጅቷን ለማናገር ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማናት። ከዚያ እንግዳ ሰው እንደምታናግር ሁሉ ቃሉን እየመረጠች፣ «ሩት» አለች። «ምሳሽን… እባክሽ ምሳሽን ብዪ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ያለ «በሞቴ»፣ ያለ አፈር፣ ያለ አንጀት። ሰምቼ የማላውቀው ራቁት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ደነገጥኩ። ይህቺን ሴት ለማሽን ብለን ምን አደረግናት ብዬ ተናደድኩም።

ሩት እጅጌዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እታታ፣ ምሳ አልበላም። ደህና አይደለሁም።»

አስቴር የልጇን እጅ ያዘች። ወይዘሮ ዘነበች ረጋ ብላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ለምን እንዳልነገረቻት ጠየቀቻት።

«ትሞቻለሽ ብዬ ነዋ።»

አስቴር ወደ ልጇ ዞረች።

«አባባል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሕፃን አይደለሁም» አለች ሩት፣ እያለቀሰች። «ግን ሁልጊዜ ልሙትልሽ ነው የምትዪኝ። አሁን ደግሞ እኔ የለሁም፣ ብቻሽን ነሽ። ደህና አይደለሁም ብልሽና የእውነት ብትሞቺስ?»

ጉድ ፈላ። የሰው ቋንቋ ከማያውቅ ማሽን ጋር ስንት ስሟገት፣ ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ከማሽኑ ጋር ተስማማች። እኛ ትልልቆቹ ሞትን እንደ ጨው እንበትነዋለን፤ አንዲት ልጅ ግን ቆጥራ ትይዘዋለች፤ የምትወደው ሰው እንዳይጠፋባት ደግሞ አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። በየቀኑ ሊሞትላት ለሚቸኩል ሰው ምን ብላ ሆዷን ታሳየው? እታታ በፍቅሯ ልክ ስትምል፣ ልጅቷ በዚያው ልክ ትሸሽግ ነበር። በፍቅርና በፍቅር መካከል አንዲት ልጅ ምሳ ሳትበላ ከረመች። ይህን ሳስብ ዓይኔ ውስጥ ምን እንደገባ እንጃ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የወይዘሮ ዘነበች ትንፋሽ ይሰማናል። አንድ የለመደችው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ስትመልሰው፣ ሌላም መጥቶ ስትመልሰው ይታወቃል። በመጨረሻ፣ በዝግታ እንዲህ አለች፦

«እሺ። አልሞትም። ንገሪኝ።»

ይህን ማንም ተርጉም አላለኝም። ማዳም ዋንጂኩ ተነስተው ለሚስተር ኦቲዬኖ በሩን ከፈቱለት፤ እኔም ተከተልኩት። እናትና ልጅን ከእታታ ጋር ትተን ኮሪደሩ ላይ ቆምን።

ሩት የነገረችው ነገር አሳሳቢ ወንጀል አልነበረም። በመጣች ሰሞን ምግብ ቤቱ ውስጥ ምግብ ስትጠይቅ እንግሊዝኛው፣ ስዋሂሊውና አማርኛው ተደባልቆባት ልጆች ሳቁ። አንዷ ድምጿን አስመስላ ደገመችው፤ ከዚያም ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ። ሩትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቁጭ ብላ ለእታታ ደህና መሆኗን ትጽፍ ነበር። ለእኔና ለእናንተ ተራ ነገር ነው፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ይገድላል። ይኸው እኔም ገደልኩ፤ ልማድ መጥፎ ነው።

ቁጥሩ በዚያው ቀን ተከፈተ። ሚስተር ኦቲዬኖ ማስፈረሙን ተወው፤ ተወው እንኳ ከማለት ፈራው ብል ይሻላል። ማዳም ዋንጂኩ ለጊዜው ሩትንና ሌሎች ሁለት አዲስ የመጡ ልጆችን በምሳ ሰዓት ቢሯቸው ሰብስበው አብረዋቸው ይበላሉ። አስቴር አለቃዋን ለምና በሳምንት ሁለት ቀን አምሽታ መሥራት ቀረላት። እኔም መንገድ ላይ «በሞቴ» ልል ስል አንዳንዴ ቆም እላለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ካልኩት በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። አንድ ሰው በእኔ ዕድሜ አማርኛውን እንደ ሸሚዝ አይቀይርም።

ሩት አሁን መልሷ ረዝሟል አሉ። አንዳንድ ቀን «በላሁ» ትላለች፤ አንዳንድ ቀን «አልበላሁም፤ ዛሬ ደብሮኛል» ብላ ምክንያቱን ትዘረዝራለች። የሳቀችባትን ልጅ ስም ሳይቀር እታታ በቃሏ ይዛዋለች። ወይዘሮ ዘነበችም በበኩሏ አዲስ ሰላምታ አውጥታለች። በየቀኑ በምሳ ሰዓት «ዛሬም አልሞትኩም፤ በይ ንገሪኝ» ብላ ትጽፋለች።

ማሽኑ ግን «አል» የምትለዋን ቁራጭ ገና አልተማረም። በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቀይ ያበራል። ሚስተር ኦቲዬኖ መጀመሪያ አካባቢ እየደወለ ይጠይቀኝ ነበር፤ አሁን ቀዩን ሲያይ ምሳ ሰዓት መድረሱን አውቆ ወደ ምግብ ቤቱ ይሄዳል።